እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ፦ ለጨዋታችን የጻፍኩት ጎጂ ድግምት፣ እዩልኝና ንገሩኝ

የሽምብጥ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሆነን የምንጫወተው የምናብ ጨዋታ አለን። ዳይስ፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንድ ጀበና ቡና። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር ሆነው ይጫወታሉ፣ አጫዋቹ፣ ማለትም ታሪኩን የምተርከው፣ እኔ ነኝ። ካርታውንም ራሴ ነኝ የሣልኩት። መሃሉ ላይ ሰፊ ሐይቅ አለ፣ በደቡብ በኩል ትልቅ ወንዝ ይወጣዋል፣ ደሴቶቹ ላይ በዛፍ የተሸፈኑ ገዳማት አሉ። ከየት እንዳመጣሁት የጣና ልጅ ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል።

አሁን ታሪኩ ከሐይቁ ደጋሚ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደርሷል። ለእሷ የሚሆን፣ ሰው የሚጎዳ የውሃ ድግምት ስፈልግ ከረምኩ። ያየኋቸው ሁሉ አንጀቴን አላራሱትም። አብዛኞቹ ሰማያዊ የተቀባ እሳት ናቸው። ከእጅ ይወረወራል፣ ደረት ይመታል፣ ዳይስ ይጣላል፣ ከሕይወት ነጥብ ይቀነሳል፣ አለቀ። ውሃ እኮ እንዲህ አይደለም። ውሃ ዳር ያደግን ሰዎች ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን የኖረ ነገር ነው፤ ውሃ ሰውን የሚወስደው እያሳሳቀ ነው።

ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ። ስሙን አሳሳቂ አልኩት። ሦስተኛ ደረጃ ድግምት ነው። ደጋሚዋ አጠገቧ ቢያንስ አንድ እንስራ ውሃ ሊኖር ይገባል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ርምጃ የሆነ ክብ ትመርጣለች፣ ውሃውም ከመሬት ቀስ ብሎ ይነሳል። በመጀመሪያው ዙር ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፣ ምንም አይጎዳም። እንዲያውም ደስ ይላል፣ ቀዝቀዝ ብሎ የመንገዱን ድካም ያስረሳል። እዚህ ላይ ክቡ ውስጥ ያለ ሁሉ ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጥላል። 13 ወይም ከዚያ በላይ ያላመጣ ካራክተር አደጋ መኖሩን አያውቅም፣ ለመውጣትም አያስብም። በሁለተኛው ዙር ጉልበት ላይ ይደርስና ርምጃ በግማሽ ይቀንሳል። በሦስተኛው ደረት ነው፤ ከዚህ ጀምሮ በየዙሩ ባለ 6 ፊት ሁለት ዳይስ ተጥሎ ድምሩን ያህል ይጎዳል፣ ትንፋሽም ስለሚያጥር መድገም አይቻልም። አራተኛው ከራስ በላይ ነው። በሰይፍ መከላከል የለም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደሚባለው ነው።

ዛሬ ሞከርነው። መጀመሪያ ሳቅ በሳቅ ሆነን ነበር፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ጨዋታው ድንገት ቀዘቀዘ። ምን እንዳበላሸሁ አልገባኝም። ቁጥሩ ነው? ጉዳቱ ነው? በቅንነት ንገሩኝ።

ሰማያዊ_ዳይስ · ቅዳሜ ማታ 3:42

ጉዳቱ ነዋ ወንድሜ። በእኛ ጠረጴዛ በዚሁ ደረጃ ያለ የእሳት ድግምት ባለ 6 ፊት ስምንት ዳይስ ነው የሚጥለው፣ በአማካይ 28 ነጥብ፣ ያውም በአንድ ተራ። ያንተው ሁለት ዙር ሙሉ ምንም ሳያደርግ ቆይቶ በሦስተኛው 7 ነጥብ ይወስዳል። ተጫዋች የሚፈራው የሚያመውን ነው። ቢያንስ ከመጀመሪያው ዙር ጀምረህ አራት ዳይስ አድርገው።

የሽምብጥ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 3:55

ከመጀመሪያው ዙር ካመመማ ማንም እግሩን አያቆይም። እዚያ ላይ ነው የማልስማማው። 13 ስል ዳይሱ ላይ የሚደመርለት ቦነስ የሌለው ሰው የሚያመልጠው ከ20 በ8ቱ ብቻ ነው፣ 40 በመቶ ማለት ነው። አምስት ሰው ካለ በአማካይ ሦስቱ እየሳቁ ይቀራሉ። ለእኔ ድግምቱ ያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዳይስ ተከታይ ነው።

ፖሊ_ግቢ · ቅዳሜ ማታ 4:20

ሀሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ግን ስሌቱ አስቸግሮኛልና ልናገር። አንድ ርምጃ 75 ሳንቲ ሜትር ብንለው ክብህ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሜትር ተኩል ነው። ስፋቱ 44 ካሬ ሜትር ገደማ። ውሃው ደረት ላይ፣ ማለትም 1 ሜትር ከ30 ሲደርስ 57 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ኪሎ ነው። 57 ቶን! ይህን ሁሉ ከአንድ እንስራ? ሐይቁ አጠገብ ከሆነ እሺ፣ ይምጣ። ደረቅ ቤት ውስጥ ከሆነ ግን እንስራው የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። ሰውነቱ ላይ ይውጣና አፍና አፍንጫውን ይክደን። እንዲያውም ያኛው የበለጠ ያስፈራል።

ሁለተኛው ነገር፣ የቆመ ውሃና የሚሄድ ውሃ አንድ አይደሉም። የሚሄድ ውሃ የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እስከ ጉልበቱ የገባ ሰው ላይ ውሃው በሰከንድ 1 ሜትር ቢሄድ እግሮቹን በግምት የ6 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። በሰከንድ 2 ሜትር ሲሆን 25 ኪሎ። 3 ሜትር ሲሆን ከ55 ኪሎ በላይ። ያውም ቋጥኝ ላይ በተጣበቀ አረንጓዴ ነገር ላይ ቆሞ። አባይን ከድልድዩ ላይ ሆኖ በነሐሴ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል።

እና የእኔ ሀሳብ፣ ድግምቱ ቦታውን ይምሰል። ሐይቅ ላይ ከሆነ ቀስ ብሎ ይነሳ። ወንዝ ላይ ከሆነ ከፍታው ጉልበት ላይ ይቁም፣ ፍጥነቱ ግን በየዙሩ ይጨምር፣ የጥንካሬ ዳይሱም በየዙሩ ይክበድ። 10፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ 17።

ሰማያዊ_ዳይስ · ቅዳሜ ማታ 4:31

ይሄኛው ገባኝ። የወንዙን እወስዳለሁ። በ17 ላይ ቦነስ የሌለው ሰው የሚቆመው ከ20 በ4ቱ ብቻ ነው፣ ያ ራሱ ከ28 ነጥብ ይበልጣል።

የዘጌ_ቡና · እሁድ ጠዋት 1:15

ልጆች፣ እኔ ዳይሱን አላውቀውም። ልጄ ስለሚጫወት ነው እዚህ የማነበው። ውሃውን ግን አውቀዋለሁ። አባቴ ታንኳ ቀዛፊ ነበር፣ ከዘጌ ባሕር ዳር ጭነት ሲያመላልስ አብሬው አድጌያለሁ።

ታንኳው የሚታሰርበት ደንገል ውሃ ይጠጣል። አዲስ የታሰረ ታንኳ እንደ ላባ ነው። እየዋለ እያደረ፣ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል። መክበዱ ግን በዓይን አይታይም። ቀዛፊው የሚያውቀው ክንዱ ሲዝል ነው። ያን ጊዜ መሃል ላይ ነህ። ሰውም እንደዚያው ነው። ጋቢ ለብሶ ውሃ የገባ ሰው መጀመሪያ ጋቢው ውሃ ላይ ይንሳፈፍለታል፣ ደጋፊ የሆነለት ይመስለዋል። ትንሽ ቆይቶ ያው ጋቢ ታች ይስበዋል። ሲያወልቀው እጁ ላይ ይጠመጠማል።

ስለዚህ ድግምታችሁ ሰውየው የለበሰውን ቢቆጥር ጥሩ ነው። ባለ ብረት ልብሱ አንድ ነገር ነው፣ ጋቢ የለበሰው ሌላ፣ ራቁቱን የገባው ሌላ። ሌላው ነገር፣ ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋስ አለው። ጀልበኛ ሁሉ በጠዋት መሄድ የሚወደው ለዚህ ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት ስለሌለው ሞገዱ አጭርና ደራርቦ የሚመጣ ነው፣ ትንፋሽ ለመውሰድ ጊዜ አይሰጥም። ደጋሚዋ ጎበዝ ከሆነች በጠዋት አትደግምም።

የሽምብጥ_ልጅ · እሁድ ጠዋት 2:05

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የሚያህል ነገር ከእርስዎ ባልሰማ ኖሮ በራሴ አላመጣውም ነበር። የጋቢውን ነገር እንዳሉት ጻፍኩት። ልብስ የለበሰ በመጀመሪያው ዙር 2 ቦነስ ያገኛል፣ ደጋፊ የሆነለት ይመስለዋልና። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ያው 2 በየዙሩ ይቀነስበታል። ለማውለቅ አንድ ሙሉ ተራ ይፈጃል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ከተደገመ ደግሞ ሁሉም ቁጥር በ2 ይከብዳል።

አቡጊዳ · እሁድ ጠዋት 3:30

ደጋሚዋ አፏ ላይ የምትለው ምንድን ነው? ከግዕዝ ጸሎት ሁለት ሦስት መስመር ብትወስድ ግርማ ይኖረዋል ብዬ ነው።

የዘጌ_ቡና · እሁድ ጠዋት 3:48

ይሄን ተዉት ልጄ። ጸሎት ሰው የሚድንበት ነው። ለጨዋታም ቢሆን ሰው መጉጃ አይሁን።

የሽምብጥ_ልጅ · እሁድ ጠዋት 4:00

ከጋሼ ጋር ነኝ። እኛ ጋ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ነገር አይገባም፣ እውነተኛ ጸሎትና ጠበል። ጠበል መፍቻም ሆኖ አይመጣም። እናቴ መጀመሪያ ድግምት የሚለውን ቃል ከጓዳ ሰምታ ደንግጣ ነበር የወጣችው። አጠገባችን ተቀምጣ አንድ ሙሉ ጨዋታ አየች፣ ጠየቀች፣ እኛም ደንባችንን ነገርናት። አሁን ቡናውን የምታፈላልን እሷ ናት። ያን እምነቷን መጠበቅ አለብኝ። ደጋሚዋ የምትለውን እኔ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፣ ትርጉም የሌለው፣ የውሃ ድምፅ የሚመስል ነገር ነው።

የጎርጎራ_ዳር · እሁድ ከሰዓት 7:20

እኔ ከሰሜኑ ዳር ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። አረሙን፣ እምቦጭን፣ ለምን አታስገባውም? በ2011 እ.ኤ.አ. ነው ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው፣ ከዚያ በኋላ የእኛን ዳር ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ። ሲያዩት አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፣ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ያምራል። ጀልባ ይይዛል፣ መረብ ይይዛል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ አየር ያጣል። ንፋስ ሲነሳ ደግሞ ተገንጥሎ ሌላ ቦታ ሄዶ ይተከላል። ውብ ሆኖ የሚገድል ነገር ከፈለግክ እሱ ነው።

የሽምብጥ_ልጅ · እሁድ ከሰዓት 7:41

ለብቻው ድግምት ይገባዋል፣ ከዚህ ጋር ብቀላቅለው ሁለቱንም አበላሻለሁ። የሚገነጠለውን ነገር ግን ይዤዋለሁ።

የማታ_ተረኛ · እሁድ ማታ 2:15

ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። አንድ ነገር እንድታስተካክል እፈልጋለሁ። ጨዋታ ቢሆንም ሰው ከጨዋታ ይማራልና።

ውሃ እየወሰደው ያለ ሰው አይጮህም። ፊልም ላይ እንደምናየው እጁን እያወዛወዘ አድኑኝ አይልም። ድምፅ የሚወጣው በትንፋሽ ነው፣ ትንፋሽ የሌለው ሰው ድምፅ የለውም። ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ አፉ ከውሃው ጋር እኩል ይሆናል፣ እጆቹ በጎንና በጎን ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከዳር ለሚያየው የሚጫወት ይመስላል። ውሃው ላይ እንዲህ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ሲቆይ መጎዳት ይጀምራል። ዙራችሁ 6 ሰከንድ ከሆነ 10 ዙር አንድ ደቂቃ ነው፣ ቁጠሩት።

ስለዚህ ሦስተኛው ዙር ላይ መድገም አይቻልም ያልከውን እንዲህ ብታደርገው ይሻላል። ደረቱ ላይ የደረሰበት ተጫዋች ራሱ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ዝም ይበል። እየሰመጥኩ ነው ብሎ መናገር አይችልም። ሌሎቹ አይተው ሊያውቁለት ይገባል። ካላዩት ይሄዳል።

ሲያወጡትም ዘቅዝቀው ሆዱን አይጫኑት። ይህን አገራችን ላይ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ጊዜ ከመግደል በቀር ጥቅም የለውም። የማይተነፍስ ከሆነ መጀመሪያ 5 ጊዜ ትንፋሽ ይሰጠዋል፣ ከዚያ 30 ጊዜ ደረት መጫን፣ 2 ትንፋሽ፣ እንዲህ እያሉ መቀጠል። ከዳነም በኋላ ደህና ቢመስልም ሐኪም ቤት ይወሰድ። ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊታመም ይችላል። በጨዋታችሁ ፈዋሹ ቁስል የሚዘጋ ድግምት ቢደግምበት አይሥራለት። የሚያስፈልገው ትንፋሽ ነው።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጨዋታው ቀዘቀዘ ብለሃል። ያን ጊዜ ዝም ያለ ሰው ነበር?

የሽምብጥ_ልጅ · እሁድ ማታ 2:50

ነበረች። ቀና ብዬ አላየኋትም፣ ቁጥሬን እየቆጠርኩ ነበር።

ቀዳሚት · እሁድ ማታ 5:05

እኔ ነኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ይህን ክር ሳነብ ነበር፣ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ።

ያደግኩት ፎገራ ነው፣ ጉማራ አጠገብ። ታላቅ ወንድሜን ጉማራ ወስዶታል። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር፣ እኛ ጋ አንድ ጠብታ አልጣለም። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ጉና ላይ ነው። ጉማራ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከብት እያሻገርን ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ነበር፣ ወንድሜ እግሩን እየታጠበ ውሃ ይረጨን ነበር፣ እንስቅ ነበር። ከዚያ ደራሽ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው። እኔ ዳር ደርሻለሁ። እሱ አልደረሰም። ሰዎች የላም ማሰሪያ ገመድ ቀጣጥለው ወረወሩለት። አልደረሰውም። ትንሽ ነበር የቀረው።

አንተ ቁርጭምጭሚት፣ ደስ ይላል፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው እያልክ ስታነብ ልክ ያን ቀን ሆነብኝ። አላጠፋህም፣ አታውቅም ነበር። ድግምቱን አታጥፋው። እውነት ስለሆነ ነው የነካኝ። የእሳቱ ድግምት አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም።

ሁለት ነገር ግን አድርግልኝ። ከመጀመርህ በፊት ዛሬ ውሃ አለ ብለህ ለሁላችንም ንገረን፣ ያልፈለገ ቡና ይቅዳ። ሁለተኛው፣ ምልክት ይኑረው። ደራሽ ከመምጣቱ በፊት ውሃው ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል። የገበሬ ልጅ ያንን አይቶ ይሮጣል። የአንተ ድግምት ምንም ምልክት የለውም፣ ዳይስ ብቻ ነው ያለው። የሚያይ ሰው መዳን መቻል አለበት።

የሽምብጥ_ልጅ · እሁድ ማታ 5:30

እህቴ፣ ነፍሱን ይማር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ባላውቅም ቀና ብዬ ላይሽ ይገባኝ ነበር። ያልሽውን ሁለቱንም አደርጋለሁ።

የዘጌ_ቡና · ሰኞ ጠዋት 1:02

ነፍስ ይማር ልጄ። ውሃው ይደፈርሳል ያልሽው እውነት ነው። እኛም ግልገል አባይ ሲሞላ ሐይቁ ላይ ቡናማ መስመር እናያለን፣ ገና ከሩቅ።

የሽምብጥ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 2:40

ዛሬ እንደገና ተጫወትነው። ከመጀመሬ በፊት ተናገርኩ፣ ማንም አልተነሳም። የተስተካከለው እንዲህ ነው። ከድግምቱ አንድ ዙር በፊት ውሃው ይደፈርሳል፣ ጭራሮ ይዞ ይመጣል። እኔ ስተርክ በመሃል ነው የምናገረው፣ ተጠንቀቁ አልልም። የሰማ ሰው ያለ ዳይስ መውጣት ይችላል። ካልሰማ 13ቱ አለ። ሐይቅ ላይ ከፍታው ይጨምራል፣ ወንዝ ላይ ፍጥነቱ፣ በእንስራ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ላይ ይወጣል። ደረት ላይ የደረሰበት ተጫዋች ዝም ይላል። ጉዳቱ ያው ሁለት ዳይስ ነው፣ አልጨመርኩም። ፈዋሽ ትንፋሽ እንጂ ቁስል አያክምም። ጓደኛ እጁን ይዞ መጎተት ይችላል፣ ለእያንዳንዱ ሰው 2 ቦነስ፣ ግን የሚጎትተውም ውሃው ውስጥ ይገባል። ገመድ ያለው ዳር ቆሞ ይወረውራል፣ 10 ርምጃ ድረስ።

ጭራሮውን የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ትንሹ ልጃችን፣ ሌባ ሆኖ የሚጫወተው። ወጣና ሌሎቹን ጠራ። ሁለቱ ሳቁበት። የአንደኛው ካራክተር ሦስተኛው ዙር ላይ ዝም ሲል እኔ ምንም አላልኩም፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ቡናው ሲፈላ ይሰማ ነበር። ቀዳሚት ናት ቀድማ ያየችው። ገመድ አለኝ አለችና ዳይሷን ጣለች።

ሰማያዊ_ዳይስ · ቅዳሜ ማታ 2:58

ስንት አመጣች?

የሽምብጥ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 3:01

14። ይዛዋለች። ወጣ።

ፖሊ_ግቢ · ቅዳሜ ማታ 3:15

ደስ ይላል። የወንዙን ቁጥር እስካሁን 10፣ 13፣ 17 ነው ያደረግከው? እኛ ነገ ልንሞክረው ነው።

የሽምብጥ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 3:18

አዎ፣ እንዳለ ነው። ዛሬ ግን ሐይቅ ላይ ስለነበርን ወንዙን አልነካነውም። ስትጨርሱ ጻፍልኝ።

ቀዳሚት · ቅዳሜ ማታ 3:40

ገመዱን 15 ርምጃ አድርገው። 10 አይበቃም።

የሽምብጥ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 3:41

15 ብዬ ጽፌዋለሁ።